በእርምጃዬ ልክ

ዘሩ የተቀመጠው በዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። ክዳኑ ስለጠፋ አባቴ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ በሲባጎ አስሮታል። ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲፈታው ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብዬ፣ ውስጡ ጫጩት ያለ ይመስል፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። መዳፌ ላይ ጥቂት አፈሰሰልኝ። ክብ፣ ልሙጥ፣ ግራጫው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት ፍሬ ነው። በሁለት ጣቴ ሳሽከረክረው አምልጦኝ ወደቀ። አባቴ ከአቧራው ፈልጎ አነሳውና ወደ ጣሳው መለሰው።

«ካርካዴ ነው» አለኝ። «እናትሽ ሻዩን ስትወድ አላየሽም? እስከ መቼ ከሱዳን፣ ከገላባት ይመጣላታል? እኛው እናበቅልላታለን። ታዲያ እንዳትነግሪያት። ሲያብብ ነው የምናሳያት።»

«ለጓደኞቼስ?»

«ለማንም። ምስጢር የሚጠብቅ ትልቅ ሰው ነው።»

ዘመኑ 1993፣ ወሩ ሰኔ ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ። አባቴ ይርዳው የቀበሌያችን ሚሊሻ ነበር፤ ከዚያ ጋር ደግሞ ከምንኖርበት ከሽንፋ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ የሚርቅ የአንድ ባለሀብት የሰሊጥ እርሻ ይጠብቃል። ባለሀብቱ የሚኖረው ጎንደር ነው። ለዘበኛው ብሎ ከእርሻው ጥግ፣ ከወንዙ ዳር፣ ማሽላ የሚዘራበት ቁራሽ መሬት ሰጥቶታል። ካርካዴውን የተከልነው እዚያ፣ ገና ብቅ ባለው ማሽላ መሀል ነው።

ተከልን እላለሁ እንጂ የተከልሁት እኔ ነኝ። አባቴ እንዳሳየኝ አንድ እርምጃ እራመዳለሁ፣ በዱላ ጫፍ አንድ ጉድጓድ እወጋለሁ፣ ሦስት ፍሬ እጥላለሁ፣ በተረከዜ አፈር እመልሳለሁ። አንድ እርምጃ፣ አንድ ጉድጓድ፣ ሦስት ፍሬ። ጭቃው ከእግሬ ሥር ለብ ያለ ነበር። አባቴ ጠብመንጃውን አንግቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ወደ መንገዱ ዞሮ በማሳው ጠርዝ ቆሟል። ከአውሬ እየጠበቀኝ መሰለኝ። በልቤ ኮራሁ።

ዛሬ ሳስበው ያን ቀን አባቴ አንድም ጉድጓድ አልቆፈረም። ማሳው ውስጥ የቀረው ዱካ የእኔ ብቻ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ሳሉጎቹ ወረዱ። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚመጡትን ሠራተኞች ሳሉግ ነው የምንላቸው። ሸሕዲ ላይ ከአውቶቡስ ወርደው በጭነት መኪና በየእርሻው ይበተናሉ። በዚያ ዓመት ወደ እኛ ከመጡት አንዱ አበባው ይባላል፤ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ቁመቱ ከጎጇችን ክዳን የሚስተካከል፣ ቆላ ሲረግጥ የመጀመሪያው የሆነ የጎጃም ልጅ። የቆላ ቅጠል አያውቅም። በየመስመሩ ጎንበስ እያለ «ይችስ ሰሊጥ ናት?» ሲል ጓደኞቹ አይምሩትም።

«አበባው፣ ሰሊጡን ነቅለህ አረሙን አቆምኸውኮ!»

«ተውት፤ ለአረምም አንድ ዘመድ ያስፈልገዋል!»

እሱም አብሯቸው ይስቃል። ሲስቅ በእጁ አፉን ይሸፍናል።

አባቴ ለሚሊሻ ሥልጠና ሸሕዲ ሁለት ሳምንት ሲሰነብት፣ እናቴ ሀብትነሽ ማሽላችን በአረም መዋጡን አይታ አበባውን ላከችው። እኔ የውሃ ጀሪካን ይዤ ከኋላው ተከተልሁ። ካርካዴዬ በቅሏል። ገና ሁለት ሁለት ቅጠል ነው። አበባው የመጀመሪያዋን ለመንቀል እጁን ሲዘረጋ ጮህሁ።

«እንዳትነቅላት!»

ወደ ኋላ ዘለለ። «ምነው፣ እባብ አየሽ እንዴ?»

«የኔ ናት! እኔ ነኝ የተከልኋት። ያችም የኔ ናት፤ ያችም።»

«ምን ትባላለች?»

«ምስጢር ነው። ብትነካት ለአባዬ ነው የምነግርብህ።»

«ኧረ በስማም!» አለና አፉን ሸፍኖ ሳቀ። «ባለቤት ካላት እኔ ምን አገባኝ? እናቴም ልጅ የተከለውን አትንቀሉ፣ ልጁ ይቀየማል ነው የምትል።»

አልነቀለም። ጭራሽ በእያንዳንዷ ቡቃያ ዙሪያ አፈሩን ኮትኩቶ አለሰለሰላት። ሌላውን አረም ሁሉ አጽድቶ የእኔዎቹን ብቻ ቆመው ተዋቸው። ቀጥ ባለ መስመር ሆነው ሳያቸው የሰልፍ ተማሪ መሰሉኝ።

ነሐሴ ላይ ወባ ጣለኝ። ሸሕዲ አክስቴ ጥሩአየሁ ቤት ሦስት ሳምንት ተኛሁ። የአክስቴ ጎረቤት መጂዳ የምትባል ሱዳናዊት፣ በግቢዋ ካርካዴ ነበራት። ሲሻለኝ ደጅ ተቀምጬ እሱን አያለሁ፤ ግንዱ ቀይ፣ የቅጠሉ ሥር ቀይ፣ ዝናብ ሲነካው የሚያበራ። የእኔም እንዲህ ሆኖ ይጠብቀኛል አልሁ።

ስመለስ ማሽላው ከአባቴ ራስ በላይ ሆኗል። ሰንጥቄ ገባሁ። በካርካዴዬ ቦታ የቆመው ሌላ ነገር ነው። ግንዱ አረንጓዴ፣ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ፣ ቅጠሉ እንደተዘረጋ እጅ ጣት ጣት ያለው፣ የጣቱ ዳር እንደ መጋዝ። ብነካው እጄ ላይ ከባድ ሽታ ተጣበቀ፤ በአመድ አሸሁት፣ አለቀቀም።

ቆሜ አሰብሁ። በዘጠኝ ዓመቴ ያሰብሁትን አሁንም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ካርካዴዬ የቆመበትን እያንዳንዱን ቦታ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። ካርካዴዬን ነቅሎ የራሱን ተክሎበታል።

ቤት ስገባ ይባስ ጠረጠርሁ። አባቴ አበባውን ደጃፍ ላይ አቁሞ ይጠይቀዋል።

«ማሽላው ውስጥ ማን ላከህ?»

«እኔ ነኝ የላክሁት» አለች እናቴ ከውስጥ። «አረም ሲበላው ዝም ብዬ ልይ?»

አባቴ አበባውን በእጁ አሰናበተው። አበባውም አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ማታ እጄን ሲያስታጥበኝ አባቴ ዝቅ ብሎ «ከዚያ ልጅ ጋር እንዳላይሽ» አለኝ። «ከየት እንደመጣ የማናውቀው ሰው ነው።»

ከዚያ በኋላ አበባውን መሰለል ያዝሁ። በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ጥላ ሥር ሲጋደሙ እሱ ወደ ማሽላው ይሾልካል። ግራ ቀኝ አይቶ ይገባል፤ ሲወጣ አፉን ይጠርጋል፣ ከሸሚዙ ሥር የሆነ ነገር ደብቋል። አሁን አውቃለሁ፤ ጥንቅሽ ነው የሚቆርጠው። ሃያ ዓመት ያለፈው ጎረምሳ እንደ ልጅ ጥንቅሽ ሲመጥ እንዳይሳቅበት ነው የሚደበቀው።

አንድ ቀን ግን ወንዙ ዳር ብቻዬን አገኘኝ። ወደ እርሻው ዞር ብሎ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ትሕትና፣ የዚያን የተክልሽን ዘር ማን ሰጠሽ?» አለኝ።

ፊቱ ላይ ሳቅ የለም። ጀሪካኔን ጥዬ ሮጥሁ።

መስከረም ትምህርት ሲከፈት ሳጅን መለሰ የሚባል ፖሊስ ክፍላችን መጣ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነበር። ከላስቲክ ውስጥ የደረቀ ቅርንጫፍ አውጥቶ ከፍ አደረገው። ከድንበሩ ማዶ ባንጎ ይሉታል፣ እኛ ሐሺሽ እንለዋለን አለ፤ ሰው ያሳብዳል፣ የሚተክለው ሰው ይታሰራል አለ። «ይህን ያየ አለ?»

ዓይን አፋር ነበርሁ። መምህሬ ስም ሲጠራ እንኳ «አቤት» ለማለት ድምፄ አይወጣም። ያን ቀን እጄ ብቻውን ወጣ።

«የት አየሽው?»

«እኛ ማሽላ ውስጥ።»

ክፍሉ ሳቀ። ሳጅኑ አልሳቀም። «አባትሽ ማን ይባላል?»

«ሚሊሻ ይርዳው።»

መምህሬ ጠመኔውን አስቀመጠ። ሳጅኑ ቅርንጫፉን ቀስ ብሎ ወደ ላስቲኩ መለሰ። «ማን ተከለው?» ሲለኝ ለአፍታ እንኳ አላመነታሁም።

«አበባው። ሳሉጉ።»

በፖሊስ መኪና ጋቢና አስቀመጡኝ። አባቴ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። ከመኪናው ስወርድ ሲያየኝ ተነሣ፤ ሳጅኑ ሲነግረው ፊቱ የአመድ መልክ ያዘ። አበባው ስለከዳው ነው ብዬ አዘንሁለት።

«ልጄን አንድ ጊዜ ላናግራት፤ ደንግጣለች» አለ። ከዛፉ ጀርባ ወስዶኝ ተንበረከከ። በሁለት እጁ ትከሻዬን ያዘ።

«ስለ ካርካዴው ምን አልሻቸው?»

«ምንም። ምስጢር ነው ብለኸኝ የለ?»

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። የኮራብኝ መሰለኝ።

«ጎበዝ። እሱን አታንሺ። ፖሊስ ስለ ካርካዴ ምን አገባው? አበባው ሲኮተኩታቸው አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«እሱን ብቻ ተናገሪ። እውነት ነው አይደል?»

እውነት ነበር።

ከሰሊጡ ከፊሉ ታጭዶ፣ ነዶው በየቦታው እንደ ትንንሽ ጎጆ ተቀስሮ ይደርቃል። ሳሉጎቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ ተሰብስበው ቆሙ። ሁለት ፖሊሶች አበባውን በግራና በቀኝ ያዙት፤ እኔ ከአባቴ እግር ተጠጋሁ። ሳጅን መለሰ ወደ ማሽላው ገብቶ በመስመሩ መሀል እየተራመደ ቆጠረ። አንድ እርምጃ ሲራመድ ሁለት ተክል ያልፋል።

«የተከለው ሰው ምነው አጭር ነው?» አለ እየሳቀ። «እርምጃው ግማሽ ነውሳ!»

ሁሉም ወደ አበባው ቁመት ቀና አሉ። አንድ ሁለቱ ሳቁ። አበባው ግን ወደ መሬት፣ ወደ እግሬ ነበር የሚያየው።

«ጎንበስ ብሎ፣ እየተደበቀ ነዋ የተከለው!» አለ አባቴ ቶሎ።

ሳጅኑ ወጣና እኔን ጠየቀኝ። ሲኮተኩታቸው አይቻለሁ አልሁ። ከዚያ ወደ አበባው ዞረ።

«አንተ፣ ሌላውን አረም ሁሉ ነቅለህ እነዚህን ለምን ተውሃቸው?»

«ባለቤት አላቸው ብዬ ነው።»

«ባለቤቱ ማን ነው?»

አበባው ቀና ብሎ አየኝ።

«ማን ነው እኮ?»

አሁንም እኔን ነው የሚያየው። አባቴ ጠብመንጃውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅህ።»

ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። ያን አስተያየት ለዓመታት አልረሳሁትም። እንዳጋለጥሁት አውቆ የሚዝትብኝ መስሎኝ ከአባቴ ጀርባ ተሸሸግሁ።

«ሌላ ማን ሊሆን ነው!» አለ አባቴ። «ጌታው ጎንደር፣ እኔ ሥልጠና። ሜዳውን ባዶ አገኘዋ!»

ተክሉን ነቅለው ከእርሻው ዳር አቃጠሉት። ጢሱ ከብዶ መሬት ለመሬት ሄደ። አበባውን መኪናው ላይ ሲጭኑት አንድ ጓደኛው ሮጦ ፎጣውን አቀበለው። ሌሎቹ ወደ አጨዳቸው ተመለሱ፤ ሰሊጥ ከደረቀ ሰው አይጠብቅም፣ ፍሬው ይረግፋል።

አበባው ሁለት ዓመት ተፈረደበት። አባቴ በቀበሌው ስብሰባ ተጨበጨበለት። ለእኔ ከገላባት ነጭ ሸራ ጫማ መጣልኝ። ክፍል ውስጥ ልጆች ወንበር ይለቁልኝ ጀመር። እናቴ ግን በየወሩ ድርቆሽ እያደረቀች፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጎንደር በሚሄድ ሰው ወደ ወህኒ ቤቱ ትልክለታለች።

«ለሌባ ነው የምትልኪው?» አልኋት አንድ ቀን ተናድጄ። «ካርካዴዬን ነቅሎ...» ብዬ አፌን ያዝሁ።

እናቴ እጇ ላይ ያለውን ጨርቅ ቋጥራ ጨረሰች። «የቱን ካርካዴ?» አለች። አልመለስሁላትም፤ ምስጢር ነበር። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ካርካዴ ስትጠጣ አላየኋትም። ስለጠፋው ስጦታዋ አዝና ነው ብዬ አሰብሁ።

አበባው ካርካዴዬን ነቅሎ የራሱን ተከለ የሚለው ሐሳብ አብሮኝ አደገ። አንድን ነገር በልጅነት ከዘጋነው በኋላ ማን ተመልሶ ይከፍተዋል? ተምሬ ሸሕዲ የሳይንስ መምህር ሆንሁ። በ2011 ታኅሣሥ ስለ ዘር ሳስተምር፣ ተማሪዎቼን ከየቤታችሁ ዘር ይዛችሁ ኑ አልኋቸው። ወንጌል የምትባል ተማሪ ጠረጴዛዬ ላይ እፍኝ ፍሬ አፈሰሰች። ጠቆር ያለ፣ ሸካራ፣ እንደ ኩላሊት አንድ ጎኑ የተጎደጎደ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ካርካዴ ነው ቲቸር።»

«አይደለም» አልሁ።

ክፍሉ ሳቀ። «ነው ቲቸር! አያቴ ናት ያበቀለችው!»

አንዱን ፍሬ አንስቼ በሁለት ጣቴ ላሽከረክር ሞከርሁ። አልሽከረከር አለኝ። አባቴ መዳፌ ላይ ያፈሰሰው ክብና ልሙጥ ነበር። ሁልጊዜ የምናውቀው ከገበያ የሚመጣውን የደረቀ ቀዩን ልባስ ነው፤ ዘሩን እጄ ላይ አድርጌ አላውቅም ነበር። አስተምሬ ጨረስሁ። ምን እንዳስተማርሁ ግን አላውቅም።

በሳምንቱ መጨረሻ ሽንፋ ወረድሁ። አባቴ አርጅቶ፣ ሰው የሚያስታርቅ ሽማግሌ ሆኗል። ደጅ ላይ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ያኔ በማሳው ጠርዝ እንደቆመው። እሱ እንዲሰማ አድርጌ እናቴን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

እናቴ ወደ በሩ አየች። የአባቴ ጀርባ አልተነቃነቀም።

«ካርካዴ ያልሽ ቀን ነው ያወቅሁት» አለች። «አባትሽ ከታሰረ እኔና አንች የት እንወድቃለን አልሁ። የአበባው አገር ዱርቤቴ ነው ብለውኛል። ሂጂና ንገሪው። እኔ ድርቆሽ ነው የላክሁ፤ ቃል አልላክሁም።»

ስወጣ በአባቴ አጠገብ አለፍሁ። «ደኅና ግቢ» አለኝ፣ ወደ መንገዱ እያየ።

ዱርቤቴ ደርሼ ሰው ጠይቄ አገኘሁት። ከከተማው ወጣ ብሎ አጥር ያጥራል። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ቁመቱ ያው ነው። አጥሩ ከሁለት ወገን ተነሥቶ መሀሉ ገና ክፍት ነበር፤ እኔ በዚያ ክፍተት ቆምሁ።

«አያ አበባው?»

ቀና አለ። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የይርዳው። ከሽንፋ። ትሕትና ነኝ።»

መጥረቢያውን መሬት አስያዘው። እኔን ሳይሆን ከኋላዬ መንገዱን አየ፤ ረጅም ጊዜ፣ ሰው እየፈለገ።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ዛሬስ ማንን ልትጠቁሚ መጣሽ?»

መንገድ ላይ ስደረድረው የመጣሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ያን ነገር የተከልሁት እኔ ነኝ» አልሁት። «ካርካዴ ነው ተብዬ። አንተ የቀየርህብኝ መስሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ። «እኔማ ያኔም አውቃለሁ። የማታውቂው አንች ነበርሽ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርህም?»

«ለማን? ጠብመንጃ ይዞ ራሴ ላይ የቆመው አባትሽ ነው።» መጥረቢያውን አነሳ፤ ስለቱን በአውራ ጣቱ ፈተሸ። «ደግሞስ ቢያምኑኝ? አንችን መኪና ላይ ሲጭኑ ቆሜ ልይ?»

ከጎጆው ሴት ልጅ ብቅ ብላ አየችን። ስምንት ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። አበባው በእጁ ወደ ውስጥ መለሳት፤ ፈጠን ብሎ፣ ከእኔ እንደሚጋርዳት።

«እናትሽ አለች?»

«አለች።»

«ድርቆሹ ይደርሰኝ ነበር በያት።»

ሌላ እንዲናገረኝ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝም ቢያስገባኝም ደስ ባለኝ። አልሰደበኝም፣ ግቢም አላለኝም። አጎንብሶ አንድ እንጨት መረጠና ወደ አጥሩ ሄደ። የቀረው ክፍተት እኔ የቆምሁበት ብቻ ነበር። እንጨቱን እንደያዘ፣ ክፍተቱን ሳይዘጋው ወደ ወዲያኛው ጫፍ ተሻግሮ፣ አጥሮ የጨረሰውን እንደገና ማጥበቅ ጀመረ።